የጋሽ ይማም ዋሻ

በሰፈራችን የቅሬ ጥሩንባ ሲነፋ “ማን ሞተ?” ተብሎ የሚጠየቅበት ደጅ አንድ ነው፤ የጋሽ ይማም ብየዳ ቤት። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ጋሽ ይማም ለብዙ ዘመን የቅሬያችን ዳኛ ስለነበሩ የሞት ወሬ ከሟቹ ቤተሰብ ቀጥሎ የሚደርሰው እሳቸው ጆሮ ነው። ዳኝነቱን ከተዉ በኋላም ልማዱ አልለቀቀንም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጥሩንባው ሲነፋ፣ እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደዚያው ወጣሁ። የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የእሳቸው ብየዳ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በራቸው ዝግ ነው። ጥሩንባ ነፊው ግን ከበሩ ፊት ቆሟል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። “ማን ሞተ?” ለማለት የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት። የሚመልስልኝ ሰው የለማ።

ጋሽ ይማም ልታይ ልታይ የሚሉ ሰው ነበሩ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ራሳቸውም አይወዱልኝም። “ሟችን ዝም ብለው ሲያወድሱት ጠባዩን ይሰርቁታል” ይሉ ነበር፣ አንዱን ቆጥቋጣ ሰው “እጁ የማይታጠፍ ለጋስ” እያሉ ሲያለቅሱለት በሰሙ ቁጥር። ቁመታቸው ረጅም፣ ግራ ጆሯቸው ጫፉ በብየዳ ፍንጣሪ የተበላ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው “መነጽሬን ማን ወሰደው?” እያሉ ሰፈር የሚያምሱ ነበሩ። ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ ቆባቸውን ያወልቁና ጉልበታቸው ላይ አንድ ጊዜ ጠፍ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም እንላለን።

“የቤተክርስቲያኑን አጥር የሠራሁት እኔ” ይላሉ። “የመስጂዱን መስኮት የሠራሁት እኔ። የቀረኝ የእስር ቤቱ በር ነው፤ እሱም ጨረታ ተሸንፌ እንጂ እጄ ሰንፎ አይደለም።”

ለቅሶ ቤት ሲገቡ ግን ያ ሁሉ ጉራ ደጅ ይቀራል። ሄደው የሚቀመጡት ከማያለቅሰው ሰው አጠገብ ነው። “የሚጮኸውን ጩኸቱ ያግዘዋል፤ መጠበቅ ዝም ያለውን ነው” የሚሉት ነገር ነበራቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ “አልቅሺ፣ ይውጣልሽ” እያለ ሲጨቀጭቀኝ እሳቸው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ከዚያ በጆሮዬ፣ “ሙሉ፣ ያቺ የስፌት መኪናሽ ዛሬም ዘይት ታንጠባጥባለች?” አሉኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ብዬ ልመልስላቸው ስል ድምፄ መሀል ላይ ተሰበረና እንባዬ ወረደ። “እሰይ” ብለው ተነስተው ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን እቀየመው ነበር።

አንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ጋሽ ታፈሰ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ከሰዓት በኋላ ሁሌም ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ያጭበረብራሉ። “ታፈሰ፣ ኧረ በጾምህ አትስረቅ” ይላሉ ጋሽ ይማም። “አንተ በረመዳንህ የሰረቅከው ለሁለታችንም ይበቃል” ይላሉ ጋሽ ታፈሰ፣ ከሳቃቸው ጋር ሳላቸው እየመጣ። ጋሽ ታፈሰ አስም ነበረባቸው። ጠመኔው ነው ያመጣብኝ ይሉ ነበር። ሳሉ ሲበረታባቸው ጋሽ ይማም ብየዳውን አቁመው ጭሱ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ ደንበኛ ቢቆጣም ግድ የላቸውም።

ኮሮና የገባ ሰሞን የጋሽ ይማም ባለቤት እትዬ ዘሀራ ሞተች። የሞተችው በኮሮና አልነበረም፤ የቆየ ስኳር ነበረባት። ግን ጊዜው ክፉ ነው። መሰብሰብ ተከልክሏል፣ ድንኳን መትከል ተከልክሏል፣ ቀብር የሚወጣው ጥቂት ሰው ብቻ ነው ተብሏል። በሌላ ጊዜ ቢሆን የዘሀራ ለቅሶ መንገዱን በሰው ይዘጋው ነበር። ያን ቀን ጎረቤት ምግቡን ይዞ እየመጣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። የሰው አገር እስኪመስለኝ ድረስ ሰፈሩ ዝም አለ።

ጋሽ ታፈሰን ሚስታቸው እትዬ ስንዱ አትወጣም ብላ ይዛቸው ነበር፤ በዚያ ሳንባቸው ምን ታድርግ። ጠፍተዋት ወጡና ከአጥሩ ማዶ ቆሙ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ከዚያው ሆነው፣

“ይማም! እዚህ ነኝ!” እያሉ ይጣራሉ።

“እሰማሃለሁ” ይላሉ ጋሽ ይማም ከውስጥ።

ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ “ይማም! አለሁ!”

“እሰማሃለሁ፣ ታፈሰ።”

እስኪመሽ እንዲሁ ተባባሉ። እኔ በስፌት ቤቴ በር ቆሜ እሰማ ነበር። ስፌት አልነካሁም፣ ወደ ቤቴም መሄድ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይማም ሥራ የጀመሩ ቀን እኔ ቤት ጎራ ብለው ቆባቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው ላይ ጠፍ አደረጉና፣ “ሙሉ፣ ዘሀራን እንደ መንገደኛ ቀበርኳት” አሉ። የማውቀውን የማጽናኛ ቃል ሁሉ አገላብጬ ለዚህ የሚሆን አጣሁ። “አብሽሩ ጋሼ” ብቻ አልኳቸው። እሳቸው ሌላውን ሰው ሁሉ አብሽር ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉን እንደማያውቁት አዩኝ።

ዋሻው የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ቴሌቪዥን ላይ የአዲስ አበባን የመድኃኒት መርጫ ዋሻ አሳዩ። ሰው በአንድ ጫፍ ወደ ላስቲክ ዋሻ ይገባል፣ ከላይና ከጎን የመድኃኒት ጉም ይረጭበታል፣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ጋሽ ይማም ከሻይ ቤቱ ወንበር ተነስተው ቴሌቪዥኑን በጣታቸው ነኩት።

“አየሽልኝ?” አሉኝ። “ሰው በዚህ ገብቶ ታጥቦ ይወጣል። ታጥቦ ከወጣ ለቅሶ ቢደርስ ማን ይከለክለዋል? ይህቺን ለቅሶ ቤት በር ላይ ባቆማት፣ ከእንግዲህ በዚህ አገር ብቻውን የሚያለቅስ ሰው አይኖርም።”

ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ቱቦላሬ ብረቱን እንደ ቀስት እያጎበጡ አጥንቱን በየዱት። የመርጫዎቹን አፍ ከገበሬ የፀረ-አረም መርጫ ፈትተው አወጡ። ለበረኪናው ሰማያዊ በርሜል ገዙ። መብራቱ እንደ ልማዱ ሲጠፋ እንዲሠራ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ፓምፕ አበጁለት። ላስቲኩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ላስቲክ መስፋት ማለት የመኪና መርፌ መጨረስ ማለት ነው፤ እሳቸው ራሴ ላይ ቆመው “ስፌትሽ እንዳንቺው ጠማማ ነው” ይሉኛል። ዘሀራ ከሞተች ወዲህ መጀመሪያ የቀለዱት ያን ጊዜ ነበርና ደስ እያለኝ ተሰደብኩ። ሙከራው ሁሉ በራሳቸው ላይ ነው። ገብተው ይወጣሉ፣ ገብተው ይወጣሉ። ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ ቡናማ ኮታቸው በበረኪናው ዥጉርጉር ሆኖ፣ “ማሻአላህ፣ እንደ አዲስ ተወለድኩ” ይላሉ።

የከተማው አስተዳደር ሰዎች ሲሰሙ መጀመሪያ መናኸሪያ በር ላይ ትቁም አሉ። እሳቸውም ጉራቸውን አልጠሉትምና እሺ አሉ። ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስታውስ ያስቀኛል፤ ስቄም አልጨርሰውም። ከወግዲ ገጠር የመጣው ገበያተኛ ዋሻውን ከሩቅ ያይና ጫማውን ያወልቃል። ክርስቲያኑ አማትቦ፣ እስላሙ ቢስሚላህ ብሎ ይገባል። ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉሙን ይቀበሉታል። የሚያሳክካቸው ልብሳቸውን ገልጠው የሚያሳክከውን ያስረጫሉ። አንዲት እናት ጀሪካን ይዘው መጥተው በርሜሉ ሥር ደቅነው ቆሙ።

“እናቴ፣ ይሄ ጠበል አይደለም፤ በረኪና ነው” አሏቸው ጋሽ ይማም።

“ምንም ይሁን የኔ ጌታ” አሉ ሴትዮዋ። “እናንተን ካጠባችሁ እኔንስ ምን ይለኛል? የታመመ ልጅ አለኝ።”

ጋሽ ይማም ሳቃቸውን አቆሙ። ጀሪካኑን ተቀብለው በሰፈር ቧንቧ ንጹሕ ውሃ ሞሉላቸውና፣ “ለልጁ ይሄ ይሻለዋል፣ ሐኪም ቤት ግን ይውሰዱት” ብለው ሸኟቸው። ቀኑን ሙሉ ዳማ አልተጫወቱም።

በዚያው ሰሞን ከጤና ጣቢያ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች፤ ትዕግስት ትባላለች። አነጋገሯ ቀስ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የሚከብዳት ልጅ ናት። ዋሻውን በውጭ ዞራ አየችው፣ አልገባችም።

“ጋሼ፣ ልፋትዎን አያለሁ” አለች። “ግን በሽታው ያለው ሰው ሳንባ ውስጥ ነው። ልብሱን ብናጥበው እሱ አይወጣም። በረኪናው ደግሞ ዓይንና ደረት ይጎዳል። ከሁሉም የምፈራው ግን ሌላ ነው፤ ሰው በዚህ አልፌያለሁ ብሎ ይዳፈራል።”

ጋሽ ይማም ቆባቸውን አላወለቁም። “አንቺ ልጅ፣ ዘሀራን ስቀብር የት ነበርሽ?” አሏት።

ትዕግስት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ዋሻው ከመናኸሪያው ይነሳ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያበቃ ነበር። ጋሽ ይማም ግን ዋሻውን የሠሩት ለመናኸሪያ አልነበረምና፣ የተሰባበረ ባጃጅ ጎማ ገዝተው ሥሩ ላይ በየዱለት። በርሜሉን ላዩ ላይ አሰሩ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ከሬሳ ሳጥኑና ከድንኳኑ እኩል ዋሻው እየተገፋ ይመጣ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ለብዙ ሰው ደስታ ነበር። ክልከላውም ላላ ብሏል። ሰው በዋሻው ያልፋል፣ ዓይኑን እያሸ ይወጣል፣ ድንኳን ይገባል፣ እንደ ድሮው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ያለቅሳል። ጋሽ ይማም ፓምፑን እየረገጡ ደጅ ይቆማሉ። “ግቡ፣ ግቡ፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አትተዉት” ይላሉ። ዘሀራ ከሞተች ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

የዳቦ ቤቱ የሰይድ እናት ሲሞቱ ድንኳኑ ሞላ። ጋሽ ታፈሰ ለወራት ከቤት አልወጡም ነበር፤ ዳማውን እንኳ በአጥር ላይ እየተጯጯሁ ነበር የሚጫወቱት። ያን ቀን ከዘራቸውን ይዘው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። እትዬ ስንዱ ከኋላ ትከተላለች፤ አልተስማማችም፣ ግን መጣች።

“አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትሆን ወጣህ?” አሉ ጋሽ ይማም። ሲቆጡም ፊታቸው ይስቃል።

“የሰይድ እናት ልጆቼን አዝላ ያሳደገች ናት። እሷን ሳልቀብር ብቀር ሰው አይደለሁም” አሉ ጋሽ ታፈሰ። “ደግሞ አንተ ያጠብከኝን ምን በሽታ ይደፍረኛል?”

“አንድ ጊዜ አይበቃህም፣ ኃጢአትህ ብዙ ነው፤ ሁለቴ እለፍ።”

ሁለቴ አለፉ። ሲወጡ ሳሉ ጎንበስ አደረጋቸው። እትዬ ስንዱ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገችላቸው። ሲሻላቸው ሳቁ፣ ጋሽ ይማምን ትከሻቸውን ያዝ አድርገው ገቡ፣ ድንኳኑ መሀል ተቀመጡ። እስከ ማታ አልተነሱም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም ብል ለቅሶ ቤት ላይ መባል የሌለበት ነው፤ ግን እውነት ነው።

በሳምንቱ ጋሽ ታፈሰ ታመሙ። ትንፋሽ አጥሯቸው ደሴ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ከዚያ የተመለሱት በላስቲክ ተጠቅልለው ነው። ሬሳውን ያወረዱት ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ናቸው። ማንም እንዳይቀርብ ተባለ። ድንኳን የለም። ዋሻው አልተገፋም። እትዬ ስንዱ ከመቃብሩ ርቃ ቆማ ስትጮህ የሚይዛት ሰው አልነበረም። ጋሽ ይማም ከቤተክርስቲያኑ ግቢ አጥር ውጭ ዥጉርጉር ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

“ታፈሰ! እዚህ ነኝ!” አሉ አንድ ጊዜ።

ጠበቁ። ደግመው አልተጣሩም።

በማግስቱ ጠዋት የብረት መቁረጫው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጋሽ ይማም ዋሻውን እየቆራረጡት ነበር። እኔ የሰፋሁት ላስቲክ መሬት ወድቋል። ትዕግስት ከመንገዱ ሆና ስታይ ቆይታ ቀረበች። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። እሳቸው መቁረጫውን አጠፉ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

“ያን ቀን ያልሽኝን ድገሚልኝ” አሏት።

“አልደግምም ጋሼ።”

“በአላህ ይዤሻለሁ፤ ሰው ይዳፈራል ያልሽውን።”

“አልደግምም” አለች ልጅቷ፣ እያለቀሰች። ሄደች።

ጋሽ ታፈሰ በሽታውን እዚያ ድንኳን ውስጥ ይያዙት፣ ሌላ ቦታ ይያዙት፣ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ይማምን ግን ይህ አላጽናናቸውም። የቅሬውን ዳኝነት ተዉ። ለምነናቸዋል፣ ሽማግሌ ልከናል፤ እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት አልገቡም። አልቀሩምም። ሰው በሞተ ቁጥር ከሐዘንተኛው ቤት ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር፣ ያችን ዥጉርጉር ኮት ለብሰው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ። ድንኳን ሲተከል መጥተው ድንኳን ሲነሳ ይሄዳሉ። ኮሮናው ተረስቶ፣ ማስክ ማድረግ የሚያስቅበት ጊዜ ሲመጣም አልገቡም። ከኮሮናው ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ለቅሶው በረከተ፣ እሳቸውም መቆሙን አበዙት። ልጆች የሚቆሙበትን ቦታ እያዩ “እዚህ ቤት ለቅሶ አለ” ማለት ጀመሩ።

በጋሽ ታፈሰ ሙት ዓመት እትዬ ስንዱ ላከችባቸው። መጡ፣ ከማዶ ቆሙ። እሷም እንደ ወጉ ለእስላሙ ወገን ለብቻ አሳርዳ፣ ለብቻ አሠርታ ነበር። ድግሱን ትታ ወጣችና መንገዱን ተሻገረች። እኔ ውሃ ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ።

“አያ ይማም፣ ግባ እንጂ” አለች።

“እዚሁ ይበቃኛል።”

“አንተ አይደለህም የገደልከው።”

ጋሽ ይማም ቆባቸውን እያገላበጡ አዩት። “አላውቅም ስንዱ” አሉ። “ገድዬው እንደሆነ ባውቅ ይቅርታ እለምንሽ ነበር። እንዳልገደልኩት ባውቅ እገባ ነበር። አለማወቄ ነው ከደጅ ያስቀረኝ።”

እትዬ ስንዱ በርጩማ አምጥታ ከመንገዱ ዳር አስቀመጠችላቸው። ምግቡን እዚያው በሉ። እሷም እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆመች። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ ስታገኛቸው ሰላም ትላለች፣ ስለ ጤናቸው ትጠይቃለች፤ ግባ የሚለውን ቃል ግን ደግማ አላነሳችም። “ካልገባ ምን አደርገዋለሁ፣ ጎትቼ አላስገባው” አለችኝ አንድ ቀን። ሳትጎትታቸው መቅረቷ ግን እንደሚቆጫት ፊቷ ይናገር ነበር።

የዋሻውን ብረት ምን እንዳደረጉት ለማንም አልተናገሩም። አንድ ክረምት የቅሬው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሁሉ በስብሶ ድንኳን በለቅሶተኛ ላይ ሲወድቅ፣ ጋሽ ይማም ለቅሬው አዲስ የብረት አጥንት ሠርተው ሰጡ፤ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ ተነቃቅሎ የሚገጠም፣ ቡናማ ቀለም የተቀባ። ሰው ሁሉ አመሰገናቸው። እሳቸው ጉራ ሳይነዙ የተቀበሉት ብቸኛ ምስጋና ይመስለኛል። እኔ አጥንቱን እያየሁ ላስቲኬን የሰፋሁበትን ቁመት አወቅኩት። የመርጫዎቹ ቀዳዳ በብየዳ ተደፍኗል፤ በጣት ሲዳሰስ ግን እብጠቱ ይታወቃል። እሳቸውም ስዳስሰው አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

እንግዲህ ጥሩንባው በበራቸው በተነፋበት በዚያ ጠዋት ይህ ድንኳን የተተከለው በራሳቸው ደጅ ነው። ልባቸው ነው አሉ፤ ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ወደቁ። ሌላ የሚባል የለም። ወንዶቹ ይዘዋቸው ወደ መቃብር ሲሄዱ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። መንገዱ በሰው ተዘጋ። ለዘሀራ ያልሆነላት ለእሳቸው ሆነ። ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩና፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በእኛ አገር ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ለቅሶ ቤት አይገባም። ውሃ የሚያፈሰው የቤቱ ሰው ነው። ጋሽ ይማም ልጅ አልነበራቸውም። ማን ይቁም እያልን ስንነጋገር እትዬ ስንዱ ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። “ያ ሰማያዊ በርሜል ከብየዳ ቤቱ ጓሮ አለ፤ አምጡልኝ” አለች። የዋሻው በርሜል ነው። ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም። አጠብነው፣ ንጹሕ ውሃ ሞላነው። ጆግ ይዛ በድንኳኑ በር ቆመች።

“እትዬ ስንዱ፣ ደክሞሻል፣ እኔ ላፍስስ” አልኳት።

“እሱ የስንቱን ደጅ ቆሞ ጠበቀ” አለች። “እኔ የእሱን አንድ ቀን ልጠብቅለት።”

ሰዉ ተመለሰ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተራ በተራ እጁን ዘረጋ፣ እሷም አፈሰሰች፤ “አብሽሩ፣ ግቡ” እያለች። ድንኳኑ ሞልቶ፣ በሩ ጭር ሲል ቀና አልኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ጋሽ ይማም ይቆሙበት የነበረው ዓይነት ቦታ ላይ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ትዕግስት ነበረች። ዋሻው ከተቆራረጠበት ጠዋት ወዲህ ወደ ብየዳ ቤቱ ቀርባ አታውቅም።

“ነይ፣ ታጠቢና ግቢ” አለቻት እትዬ ስንዱ።

“እዚሁ ይበቃኛል፣ እማማ።”

እትዬ ስንዱ ጆጉን ለእኔ ሰጠችኝ። መንገዱን ተሻገረች። የልጅቷን ክንድ ያዘች።

“እሱንም እዚሁ ይበቃኛል ሲለኝ ዝም አልኩት” አለች። “አንቺን ዝም አልልሽም።”

ጎትታ አመጣቻት። እኔ ውሃውን አፈሰስኩ፤ ትዕግስት እጇን ታጠበች። ሁለቱ ተያይዘው በዋሻው አጥንት ሥር አልፈው ገቡ።